ጋስኬል ሻርሎት ብሮንቴን ጠቀመቻት ወይስ በደለቻት? (26 ምላሾች)

ይህን የውይይት ክር የከፈተችው እህታችን ነገሩን አላለሳለሰችም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ጋስኬል በ1857 ያሳተመችውን የወዳጇን የደራሲዋን የሻርሎት ብሮንቴን የሕይወት ታሪክ አንብባ እንደጨረሰች፣ ንዴቷ ሳይበርድ ነው የጻፈችው። አቤቱታዋ ይህ ነው፦ ጋስኬል ወዳጇን ከሐሜት አድናለሁ ብላ ጥቁር አለበሰቻት። ታዛዥ ልጅ፣ ታጋሽ እህት፣ ምስኪን ሙሽራ አድርጋ ቀበረቻት። ከዚያ ወዲህ የሻርሎት ስም ሲነሳ ሰው ከንፈሩን ይመጣል እንጂ መጽሐፏን አይገልጥም። «ጄን ኤር»ን የጻፈችው ሴት ግን ከንፈር የሚመጠጥላት ዓይነት አልነበረችም። ትቆጣለች፣ ታሾፋለች፣ ዝና ትመኛለች፣ የሰው ባል ትወዳለች። ታዲያ ጋስኬል ወዳጅ ናት ወይስ ገናዥ?

ክሩ ረዘመ። መሃል ላይ የገባችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ከላይ ጀምሬ ላውጋችሁ። የራሴንም ጣል ጣል አደርጋለሁ፤ ዝም ብሎ ማስተላለፍ አይሆንልኝም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1 የጨዋ ሰው ምላሽ ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጠያቂዋን አመስግኖ፣ ታሪኩን ለማያውቁ ዘረዘረ። ሻርሎት በ1816 ዮርክሸር ውስጥ ቶርንተን በምትባል መንደር ተወለደች። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ናት። አባቷ ፓትሪክ ከአየርላንድ ድሃ ቤት ወጥቶ፣ ካምብሪጅ ተምሮ ቄስ የሆነ ሰው ነው። በ1820 ሃዋርዝ ወደምትባል ዳገታማ ከተማ ተዛወሩ። በማግስቱ ዓመት እናት ሞተች። ከዚያ አራቱ ሴቶች ልጆች ለቄስ ልጆች ወደተከፈተው የኮዋን ብሪጅ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ምግቡ የተበላሸ፣ ቤቱ ብርድ ነበር። በ1825 ታላላቆቹ ማሪያና ኤልዛቤት በሳንባ ነቀርሳ በስድስት ሳምንት ልዩነት ሞቱ። ሻርሎት በ9 ዓመቷ የቤቱ ታላቅ ሆነች።

ቀጠለ። በ1846 ሦስቱ እህቶች ከአክስታቸው በወረሱት ገንዘብ ግጥሞቻቸውን ከረር፣ ኤሊስና አክተን ቤል በሚሉ የብዕር ስሞች አሳተሙ። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ሁለት ቅጂ ብቻ ነው። በ1847 «ጄን ኤር» ወጣና አገር ጉድ አለ። ደስታው ግን አልቆየም። በሴፕቴምበር 1848 ወንድሟ ብራንዌል፣ በዲሴምበር ኤሚሊ፣ በቀጣዩ ሜይ አን ተከታትለው ሄዱ። ሻርሎት በ1854 የአባቷን ረዳት ቄስ አርተር ቤል ኒኮልስን አገባች። ዘጠኝ ወር እንደሞላ፣ ምናልባት እርጉዝ ሳለች፣ በ38 ዓመቷ ሞተች። አባት ስድስቱንም ልጆቹን ቀብሮ እስከ 1861 ኖረ። መላሹ ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ አንድ ነገር ጠየቀ፦ ይህን ሕይወት ሳያስለቅስ መጻፍ የሚችል ካለ ያሳየኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከጠያቂዋ በቀር በቀጥታ የሞከረው የለም።

ምላሽ 2 እርማት ነው። ጋስኬል ሃዋርዝን የዓለም ዳርቻ፣ አራዊት መሰል ሰዎች የሚኖሩባት አድርጋ ነው የሣለቻት። እውነቱ ሌላ ነው። ሃዋርዝ የሱፍ ፋብሪካ ያለባት፣ ሰው የሚርመሰመስባት ከተማ ነበረች። የጎደላት ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ነው። ቄስ ፓትሪክ ራሱ ለመንግሥት አቤት ብሎ በ1850 ባቤጅ የሚባል መርማሪ መጣ። ያገኘው ቁጥር ያስደነግጣል፦ የሟቾች አማካይ ዕድሜ ከ26 ዓመት በታች፤ ከሚወለዱት ልጆች ከመቶ 41ዱ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። መቃብሩ ከዳገቱ ላይ ሞልቶ ተርፏል፣ ሰፈሩ ከሥሩ ነው። የመላሹ ነጥብ ይህ ነው፦ ሞት በብሮንቴ ቤት ብቻ የገባ የተለየ እርግማን አልነበረም። በየጎረቤቱ ነበር። ጋስኬል የአገሩን ችግር የአንድ ቤት ዕጣ ፈንታ አስመሰለችው።

ምላሽ 3 ጠያቂዋ ራሷ ናት፤ ለምላሽ 1 ማስረጃ ይዛ ተመለሰች። ሻርሎት በ20 ዓመቷ በጊዜው የቤተ መንግሥት ባለቅኔ ለነበረው ለሮበርት ሳውዚ ግጥሟን ላከች። ከመልሱ እንደምንረዳው ለዘላለም የሚታወቅ ስም እንደምትፈልግ ነግራዋለች። እሱም ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን እንደማይችል፣ መሆንም እንደማይገባው መለሰላት። አመስግና ጻፈችለት። ደብዳቤውን በ21ኛ ልደቷ ቀን፣ ምክሩ ለዘላለም ይቀመጥ ብላ ጽፋበት አስቀመጠችው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣውን መጽሐፍ ታውቁታላችሁ። ጠያቂዋ እንዲህ ያለችውን ሴት ምስኪን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል ትላለች። እዚህ ጋ ከሷ ጋር ነኝ።

ምላሽ 4 ላይ ድምፁ ጠነከረ። መላሹ ጠያቂዋን ዘመኑን ሳታውቅ ትፈርዳለች ብሎ ነው የጀመረው። አነጋገሩ ሸካራ ቢሆንም የያዘው ነገር ከባድ ነው። በ1848 መጨረሻ ኤልዛቤት ሪግቢ የምትባል ሐያሲ ስሟን ሳትገልጽ «ጄን ኤር»ን ፀረ ክርስትና መጽሐፍ አለችው። ደራሲው ሴት ከሆነችም፣ በበቂ ምክንያት ከሴቶች ማኅበር የተባረረች መሆን አለባት ብላ ጻፈች። በዚያ ላይ የታከሬ ጣጣ አለ። ሻርሎት የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ለምታደንቀው ደራሲ ለታከሬ መታሰቢያ አደረገችው። የታከሬ ሚስት የአእምሮ ሕመምተኛ መሆኗን፣ በሰው እጅ እንደምትጠበቅ አታውቅም ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ደግሞ ጄን በቤት አስተማሪነት የተቀጠረችበት ቤት ጌታ ሮቸስተር ያበደች ሚስቱን ሰገነት ላይ ቆልፎ ይኖራል! ለንደን ወሬውን ለመሸመን ጊዜ አልፈጀባትም፦ ጸሐፊዋ የታከሬ ቤት አስተማሪ የነበረች ናት፣ ሮቸስተርም እሱ ራሱ ነው ተባለ።

ጋስኬል የገባችው በዚህ መሃል ነው ይላል ምላሽ 4። እሷም የማንቸስተር የቄስ ሚስት ናት። በ1853 ሳታገባ ስለወለደች ልጅ ልቦለድ አሳትማ፣ ከባሏ ምእመናን መካከል መጽሐፉን እሳት ውስጥ የጨመሩ ነበሩ። እሳቱን ታውቀዋለች። ስለዚህ የጻፈችው የሕይወት ታሪክ የጠበቃ መከላከያ ነው፤ ጠበቃ ደግሞ የደንበኛውን ኃጢአት ችሎት ላይ አይዘረዝርም።

ኃጢአት የሚለው ቃል ምላሽ 5ን ጠራ። የብራስልሱ ጉዳይ መጣ።

እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ። ሻርሎት በ1842 ፈረንሳይኛ ልትማር ከኤሚሊ ጋር ብራስልስ ሄደች። የትምህርት ቤቱ ባለቤት የወይዘሮ ኤዤ ባል ኮንስታንቲን ኤዤ አስተማሯት። ቁጡ፣ ጎበዝ፣ የልጆች አባት። ወደደችው። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ጻፈችለት፤ መልሱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የሷ እየጋለ ሄደ። ቀንም ሌሊትም ዕረፍት እንዳጣች የነገረችው በ1845 ነው። በእጃችን ያሉት አራት ደብዳቤዎች ናቸው። ሦስቱ ተቀዳደው ነበር። እንደ ቤተሰቡ ትረካ ባልየው ቀዶ ሲጥላቸው ሚስቱ ቁርጥራጩን ለቅማ ገጣጠመችው፤ በመርፌና በክር የተሰፋ አለ። ልጆቻቸው በ1913 ለብሪቲሽ ሙዚየም እስኪሰጡ ድረስ ሕዝብ አያውቃቸውም ነበር። በመጨረሻው ደብዳቤ ጠርዝ ላይ የኤዤ የእጅ ጽሑፍ አለ። መልስ እንዳይመስላችሁ። የአንድ ጫማ ሰሪ ስምና አድራሻ ነው።

ምላሽ 6 ይህ ፍቅር ሳይሆን የተማሪ አክብሮት ነው ብሎ ተከራከረ። ምላሽ 7 አንዲት ሴት ናት፤ አክብሮት እንቅልፍ አይነሳም ብላ በአንድ መስመር ዘጋችው። ላይክ የተዥጎደጎደው ለሷ ነው።

ከዚህ ሁሉ ክርክር የቀረ አንድ ነገር አለ። ጋስኬል በ1856 ብራስልስ ሄዳ ኤዤን አግኝታዋለች። ደብዳቤዎቹን ታውቃለች። ከነሱም ምንም የማያስነውረውን ክፍል መርጣ መጽሐፏ ውስጥ አስገባች። የሻርሎትን የ1844 እና 1845 ሐዘን ግን በሆነ ነገር ማስረዳት ነበረባት። በምን አስረዳችው? በብራንዌል። ልጁ ያስተምርበት በነበረው ቤት ከእመቤቲቱ ጋር ተያይዞ ተባረረ፤ ከዚያ በመጠጥና በኦፒየም አለቀ፤ ቤቱን ያጨለመው ይህ ነው አለች። ሴትዮዋን ስሟን ባትጠራም ማንነቷን ሁሉም ለየ። ሴትዮዋ በሕይወት ነበረች፤ ጠበቃም ነበራት። በ1857 ጋዜጣ ላይ ማስተባበያ ወጣ፣ ያልተሸጠው ተሰበሰበ፣ ሦስተኛው እትም ተከልሶ ታተመ። እህትየው ባለትዳር በመውደዷ የመጣው ሐዘን ባለትዳር በወደደው ወንድሟ ተሳበበ። ጠያቂዋ ጋስኬልን መክሰስ ከፈለገች ፋይሉ ይህ ነው።

ምላሽ 8 የደረሰን ሊድስ ከምትኖር ልጅ ነው፤ ሃዋርዝ ሄዳ ያየችውን ጻፈች። አጠገቧ ካለችው ከኪዝሊ ከተማ በአውቶቡስ ዳገቱን ትወጣላችሁ። ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁል መንገድ ላይ ሻይ ቤቱ ሁሉ በብሮንቴ ስም ነው። የቄሱ ቤት ከ1928 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። የሻርሎትን ልብስ ስታይ የልጅ መስሏት ነበር፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ተኩል አይበልጥም። ግን ያስደነቃት ትንንሾቹ መጻሕፍት ናቸው። በ1826 አባትየው ለብራንዌል የእንጨት ወታደሮች ገዝቶለት መጣ። ልጆቹ ለወታደሮቹ አገር ፈጠሩላቸው፣ ከዚያ ጋዜጣና መጽሔት አዘጋጁላቸው። አንባቢዎቹ ወታደሮቹ ስለሆኑ መጻሕፍቱም በነሱ ልክ ናቸው። የክብሪት ሳጥን የሚያህል፣ በእጅ የተሰፋ፣ ፊደሉ ያለ ማጉያ መነጽር የማይነበብ። ውስጡ ቀልድ፣ ማስታወቂያ፣ የውሸት የመጽሐፍ ግምገማ ሞልቶበታል። በ2019 አንዱን ሙዚየሙ ፓሪስ ላይ በ600 ሺህ ዩሮ ጨረታ አሸንፎ ገዝቶታል።

ልጅቷ ስለ ምግብ ጠረጴዛውም አወራች። ሦስቱ እህቶች ማታ ማታ እየዞሩት የጻፉትን ያነቡበት ነበር። በላዩ ላይ ኢ የምትል ፊደል ተቀርጻበታለች፤ ቀለም ፈስሶበታል። ኤሚሊና አን ከሞቱ በኋላ ሻርሎት ብቻዋን ስትዞረው የቤቱ ሠራተኛ ትሰማ ነበር። ይህን የነገረችው ለጋስኬል ነው። ልጅቷ እዚህ ላይ ትንሽ ሸንቆጥ አደረገች፦ ጋስኬልን እንጥላት የምትሉ፣ ይህን ማን ይነግራችሁ ነበር?

ከምላሽ 9 እስከ 12 ያለው ያልጠበቅሁት ነው። ምላሽ 9 ቤይሩት ውስጥ ለዓመታት ሰው ቤት የሠራች እህት ናት። «ጄን ኤር»ን ያነበበችው እዚያው ቤት፣ የልጅቷ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሆኖ ነው። የሮቸስተር እንግዶች ሳሎን ሲሰበሰቡ ጄን መስኮቱ ሥር መጋረጃ ተከልላ ትቀመጣለች። ወይዛዝርቱ የቤት አስተማሪዎች ምን ያህል አስጠሊታ እንደሆኑ ይጫወታሉ። እየሰማች መሆኗን ያውቃሉ፤ ግድ የላቸውም። እህታችን ያንን ገጽ ደጋግማ እንዳነበበችው ጻፈች። እሷም ቡና ስታቀርብ ሴቶቹ ስለ ሠራተኞቻቸው ሌብነት ያወሩ ነበር፤ አረብኛ እንደምትሰማ እያወቁ። የሚገርመው ግን ምሬት ለመዝራት አልጻፈችም። ሻርሎት ያንን ሳሎን ሳትቀመጥበት ልትጽፈው አትችልም፣ ስለዚህ ጸሐፊዋ ምስኪን ሳትሆን ታዛቢ ናት ለማለት ነው።

ምላሽ 10 ማነጻጸሩ አይሄድም አለ። የቤት አስተማሪ የተማረች የቄስ ልጅ ናት፣ ፓስፖርቷን የቀማት የለም፤ ሻርሎት በ1839 የመጀመሪያውን ቤት በሁለት ወር ጥላ ወጥታለች። ልክ ነው። ምላሽ 11 ግን ደመወዙን አመጣ፦ በ1841 በሠራችበት ቤት በዓመት 20 ፓውንድ ተቀጥራ የልብስ አጠባ ሲቀነስ ወደ 16 ይወርዳል። ለጄን ግን በልቦለዱ 30 ፓውንድ ከፈለቻት። ሳቅሁ። ምላሽ 12 ደግሞ ሻርሎት መጥፎ አስተማሪ እንደነበረች፣ በማስታወሻዋ ላይ ተማሪዎቿን ደደቦች እያለች እንደምትሰድብ አስታወሰን። 

ምላሽ 13 ሳይታሰብ አገር ቤት ወሰደን። ጄን አዲሱ ትምህርት ቤት ስትገባ አንዲት ልጅ ድንጋይ ወንበር ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ስታነብ ታያታለች። ስሙ እንግዳ ሆነባት፤ «ራሴላስ» ይላል። ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፤ ጂኒ የለው፣ ተረት የለው፣ ሰለቻትና መለሰችላት። ይህ መጽሐፍ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈው የሐበሻ ልዑል ታሪክ ነው። ልዑሉ በአማራ ግዛት፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቶለት ተዘግቶበት ይኖራል። ሰልችቶት ያመልጣል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። አንባቢዋ ልጅ ሄለን በርንስ ናት፤ በሳንባ ነቀርሳ ትሞታለች። ሻርሎት የሳለቻት ከታላቅ እህቷ ከማሪያ ነው።

ምላሽ 14 ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ስለ አምባ ግሸንና እዚያ ይጠበቁ ስለነበሩ መሳፍንት በሰፊው ጻፉ፤ ጣፋጭ ነው፣ ከርዕሱ ጋር ግን አይገናኝም። ምላሽ 15 ጆንሰን ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር አለ። ምላሽ 16 እግሩ አልረገጠም፣ ወሬውን ያገኘው የፖርቹጋላዊውን ሚሲዮናዊ የሎቦን ጉዞ በ1735 ሲተረጉም ነው ብሎ አረመው፤ ሳያጣሩ መጻፍ ይቁም የሚል ቁጣም ጨመረበት። ምላሽ 17 መልሶ ወደ ክሩ አመጣን። ለካ ጋስኬልም በ«ክራንፎርድ» ውስጥ አንዲት ኮስታራ ሴትዮ አላት፤ አዲስ የወጣውን የዲክንስን ሥራ ንቃ ጆንሰንን፣ በተለይ «ራሴላስ»ን ሙጥኝ ያለች። ሁለቱ ወዳጆች በየልቦለዳቸው በአንድ የሐበሻ ልዑል ትንሽ አሹፈዋል።

ምላሽ 18 ጨዋታውን አቆመው። ሁላችሁም ስለ ሻርሎት ቁስል ታወራላችሁ፣ ሰገነት ላይ ስለተቆለፈችው ስለ በርታ ማን ያውራ? አለ። ከጃማይካ የመጣች፣ ሀብቷ የተወሰደ፣ በአራት እግሯ የምትሄድ አውሬ ተደርጋ የተሣለች ሴት። ከካሪቢያን ደሴት ከዶሚኒካ የተገኘችው ዣን ሪስ በ1966 የበርታን ታሪክ ከሷ ወገን ሆና እስክትጽፍ ድረስ ማንም አልጠየቀም። ምላሽ 19 የዛሬን መነጽር አድርጎ የ1847ን መጽሐፍ ማንበብ ፋሽን ሆኗል ብሎ ተሳለቀ። ምላሽ 20 ፋሽን አይደለም፣ የልጅነቱን አገር ተመልከቱ አለ። እነዚያ የእንጨት ወታደሮች ሄደው የሰፈሩት ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ አሻንቲዎችን ወግተው ነው ከተማቸውን የሠሩት። የአሻንቲው ልጅ ኳሺያ በእንግሊዞቹ ቤት አድጎ ከሃዲና ሰካራም ይደረጋል። ከዚያ ስድብ መጣ። ሦስት መስመር ያህል ተሰርዟል፤ ምን እንደነበር ያያችሁ አታስታውሱን። ምላሽ 21 የአድሚኑ ነው፤ በጨዋ ደንብ ካልሆነ ክሩን እዘጋዋለሁ አለ።

እኔ ምላሽ 20 ትክክል ይመስለኛል። ጠያቂዋም ይህን ዝም ብላ ማለፏ ቅር አሰኝቶኛል። ሻርሎት ቁጡና ብርቱ ነበረች ብለን ከተሟገትን ብርታቷን ከነ ጭፍንነቷ መቀበል ነው። ከጥቁር ልብስ አውጥተን ነጭ ልናለብሳት አይደለም የተሰበሰብነው።

ምላሽ 22 ክሩን ገለበጠው ማለት ይቻላል። ጋስኬል የሠራችውን ሻርሎት በእህቶቿ ላይ ቀድማ ሠርታዋለች ይላል። በ1850 የኤሚሊ ልቦለድ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» እንደገና ሲታተም አርትዖቱን የያዘችው እሷ ናት። መግቢያ ጻፈችለት። ኤሚሊን ዓለምን የማታውቅ፣ የጻፈችውን ራሷ በቅጡ ያልተረዳች የገደል ልጅ አስመሰለቻት። ግጥሞቿን ነካካች። የአንን ሁለተኛ ልቦለድ ደግሞ፣ ሰካራም ባሏን ጥላ ልጇን ይዛ ስለወጣች ሴት የሚያወራውን፣ ርዕሰ ጉዳዩ ስሕተት ነው፣ ተጠብቆ መቆየቱም አያስፈልግም አለች። አን ሞታለች፤ መልስ አትሰጥ። ዛሬ ብዙ ሰው አንን ሦስተኛዋ እህት ብሎ ብቻ የሚያውቃት በዚህም ጭምር ነው።

ጠያቂዋ በምላሽ 23 መጣች። ላፈገፍግ አይደለም፣ እንዲያውም ይሄ ነገሬን ያጠናክራል አለች። ሻርሎት ለእህቶቿ የሰፋችው ልብስ ለራሷም ደረሳት ማለት ነው። ብልጥ መልስ ነው። ግን ከክሱ አንድ ነገር ሸራርፏል፤ ጋስኬልን ብቻ ገናዥ ማለት ከእንግዲህ ያስቸግራል።

ከሁሉም ምላሽ 24ን እመርጣለሁ። ጋስኬል ልክ ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ከሁላችንም በፊት የመለሰች ሴት አለች፤ ሜሪ ቴይለር። የሻርሎት የትምህርት ቤት ጓደኛ ናት። በ1845 ኒውዚላንድ ሄዳ ዌሊንግተን ውስጥ ሱቅ ከፍታ የነገደች፣ ለማንም የማትሽቆጠቆጥ ሴት። መጽሐፉ ሲደርሳት ለጋስኬል ጻፈች። ትክክለኛ ሥዕል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህም የጨለመ ነበር አለች። ከዚያ ስለ ጋዜጦቹ ግምገማ ተናደደች። አንዱ የሻርሎትን ሕይወት የድህነትና ራስን የመጨቆን ሕይወት ብሎ ጠቅልሎታል። ይህን ያህል ተሰጥዖና ትጋት ያላት ሴት ዕድሜዋን ሁሉ በእንዲህ ያለ ቅዠት ውስጥ መኖሯ ለማናቸውም እንግዳ ወይም በደል ሆኖ አልታያቸውም አለች።

ይህን ሳነብ ክርክራችን የተሳሳተ ሰው ላይ ያነጣጠረ መሰለኝ። ጋስኬል ሐዘኑን አልፈጠረችውም። ጽፋ አቀረበችው። ሐዘኑን አይቶ በማን ጥፋት መጣ ብሎ እንደመጠየቅ፣ እንዴት ያለች ቻይ ሴት ብሎ ያጨበጨበው አንባቢው ነው። መቻል ስንቱን ሴት እንዳስመሰገነ እኛም ቤት እናውቃለን። ጋስኬል ለጭብጨባው አመቻችታለታለች፤ ይህን አልክድም። ምላሽ 1 ያነሳው ጥያቄም መልስ ያገኘ ይመስለኛል፦ ማስለቀሱ ችግር የለውም፤ ችግሩ እንባው የሚፈስበት ቦታ ነው።

ምላሽ 25 ሌላ እሳት ለኮሰ። በ1854 ኒኮልስ ሚስቱ ለጓደኛዋ ለኤለን ነሲ የምትጽፈውን ትከሻዋ ላይ ሆኖ አነበበ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደ ክብሪት አደገኛ ነው አለ። ኤለን ሁሉንም ለማቃጠል ቃል ካልገባች፣ ከእንግዲህ የሚጻፈውን እየመረመረ እንደሚያልፍ አስታወቀ። ኤለን ምርመራውን ከተወ አቃጥላለሁ ብላ ቃል ሰጠች፤ አላቃጠለችም። ጋስኬል የተጠቀመችባቸው 350 ያህል ደብዳቤዎች ከሷ የተገኙ ናቸው። ሜሪ ቴይለር ግን ለጓደኛዋ ደኅንነት ብላ ከአንድ በቀር የያዘቻቸውን አቃጠለች። መላሹ ከሁለቱ የቱ ወዳጅነት ነው ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ለኤለን፣ ግማሹ ለሜሪ ቆመ። እኔ ለኤለን ነኝ፤ ቃሏን ብትበላም። ያለ እሷ ስለ ምን እንከራከር ነበር?

ምላሽ 26 የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ይህን ሁሉ አንብባ አንዱንም መጽሐፍ እንዳላነበበች፣ ከየት እንደምትጀምር ጠየቀች። እስካሁን የመለሰላት ስለሌለ እኔው ልመልስ። እህቴ፣ ከ«ጄን ኤር» ጀምሪ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ምዕራፎች ሳታቋርጪ አንብቢ፤ የኮዋን ብሪጅን ጉድ እዚያ ታገኚዋለሽ። ከዚያ በ1853 ወደወጣው ወደ «ቪሌት» እለፊ። የብራስልሱ መጽሐፍ ይሄ ነው። ተራኪዋ ሉሲ ስኖው የምታውቀውን ከአንባቢ ትደብቃለች፣ ትዋሻለች፤ ልታበሳጭሽ ትችላለች፣ ታገሺያት። ከሞተች በኋላ የታተመውን «ዘ ፕሮፌሰር»ን ለጊዜው ተይው። ጋስኬልን ከነዚህ በኋላ። ሁሉም ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ይገኛሉ። የጋስኬልን በወረቀት የምትገዢ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን እትም የያዘውን ፈልጊ፤ ሦስተኛው ላይ ጠበቆች እጃቸውን አስገብተውበታል።